ቆጣሪው ያሸጋት ሣጥን

ሰፈሩ ሁሉ «ቆጣሪው» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን እንኳን ጎረቤት ሚስቱም ስትናደድ «ቆጣሪው» ነው የምትለው። ሥራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። በየግቢው ይገባል፣ ክዳኑን ይከፍታል፣ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ያያል። በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። እሱ ግን ቁጥሩን ካየ በኋላ ቀና ብሎ የባለቤቱን ፊት ያያል። ቆጣሪ በማግኔት የሚያስቆም፣ በጓሮ ቧንቧ የሚጠልፍ፣ ቆጣሪውን ገልብጦ ወደ ኋላ የሚያስኬድ፣ ሁሉንም በዓይኑ አይቷል። አይቶ አይቶ ልቡ ሰውን ማመን ተወ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለእሱ ግን የሥራ መመሪያ ነው።

ዳቦ ሲገዛ በእጁ ይመዝናል። ሚስቱ «ደህና ዋልክ?» ስትለው «ምን ሰማሽ?» ይላል። መቼስ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የታመመ ጎረቤት ሲኖር ቀድሞ የሚደርስ እሱ ነው፤ ብቻ በሽታው እውነት መሆኑን ሳያረጋግጥ አይወጣም። እንዲህ ያለ ሰው አያውቁም? እኔ ስንቱን አውቃለሁ።

የዚህ ሰው ደስታ ያለው በቤቱ ጥግ ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ ጠዋት ፀሐይ ይገባባታል፣ ከሰዓትም ፀሐይ አይለያትም። እዚያ ጠረጴዛውን፣ መበየጃውን፣ የብሎን ቆርቆሮዎቹንና ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀላቸውን ዕቃዎች ደርድሯል። ከሥራ ሲመለስ እጁን ይታጠብና እዚያ ይገባል። ሰው ሲመጣ ራሱ የሚበራ መብራት ሠርቷል። አንዴ ደግሞ የበር ደወል ሠርቶ፣ ደወሉ አልቆም ብሎ ጎረቤት ተሰብስቦ ለምኖታል። ያም ሆኖ በዚያች ክፍል ውስጥ ሲሆን ማንንም አይጠረጥርም።

አማቱ የመጡት ባላቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጨረሱ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ እጃቸው ሥራ ካጣ የሚጨነቁ ሴት ናቸው። የተሰጣቸው የኋላው ክፍል ነበር። አንዱ ግድግዳው ከውሃ ታንከሩ ጋር የተጣበቀ ነው፤ መስኮቱ የሚያየው የጎረቤትን አጥር ነው። ፀሐይ እዚያ ክፍል ገብታ አታውቅም። አሮጊቷ ሳምንት እንደቆዩ «ልጄ፣ ይህ ክፍል በረደኝ» አሉ። በማግስቱም አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሉ ዓይናቸው ወደ ፀሐዩ ክፍል የሄደ መሰለው።

በቃ፣ እዚያው ላይ ጥርጣሬ ያዘው።

«ክፍሌን ፈልገው ነው» አለ ለሚስቱ።

«የምን ክፍል? አሮጊት በረዳት ነው የምልህ! ማሞቂያ እንግዛላት።»

«ይገዛል። መጀመሪያ ግን ብርዱ ይረጋገጥ።»

«ብርድ እንዴት ነው የሚረጋገጠው? ገብተህ ተቀመጥበታ!»

ገብቶ ተቀመጠ። እርግጥ ከሥራ በእግሩ ሲመጣ ላብ አጥምቆት ነበርና አልበረደውም። ቴርሞሜትር አንጠልጥሎ መሄድም አሰበ፤ ግን እሱ ሳይኖር መስኮት ቢከፍቱስ? ቀኑን ሙሉ ነቅቶ የሚጠብቅ፣ የሚለካ፣ የለካውንም የሚያሳይ ዕቃ ያስፈልገዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጁም አሳክኮታል። «ቦርድ» የሚሏትን መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ገዝቶ አንድ ነገር ሊሠራባት ሲመኝ ቆይቷል። አሁን ምክንያት ተገኘ።

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጩ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ የሰካ፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው። ስመ ጥሩዋን ቦርድ አወጣለት፤ ቆጣሪው ዋጋዋን ሰምቶ አስመለሳት። ሻጩ ሳይቀየም ሌላ አወጣ። መጠኗ ያው፣ ቀዳዳዎቿ ያው፣ ስሟን ግን ማንም የማያውቃት ናት።

«አቅሟ ከዚያኛዋ አያንስም። የጎደላት ስም ብቻ ነው» አለ።

«ስም ያጣችው ምን ሠርታ ነው?»

«ኧረ አንተ ሰው! ዕቃ ነች እኮ፣ ሙሽራ አይደለችም።»

ቆጣሪው ቦርዷን ወደ ብርሃን አንሥቶ አገላበጣት። ብየዳዋን አየ። ቺፖቿ ላይ የተጻፈው ተፍቆ እንደገና የተጻፈ እንዳይሆን በጥፍሩ ቧጠጠ። አሸተታት ሁሉ። ሻጩ እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠበቀና እንዲህ አለው፤ «አንድ ምክር ልስጥህ ወንድሜ። ይቺ ልጅ ሥራ ሲበዛባት ትግላለች። ይህን አሉሚኒየም ደረቷ ላይ ትለጥፋለህ። ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ደግሞ፣ ረዘም ያለ ሽቦ ትገዛና...»

«ትገዛና» የምትለውን ቃል ሲሰማ የቆጣሪው ጆሮ ተዘጋ። አሃ! መጣች! በርካሽ ያስገቡህና በቁርጥራጭ ያልቡሃል። «አመሰግናለሁ፣ አይጠቅመኝም» ብሎ ቦርዷንና አንዲት ሴንሰር ብቻ ይዞ ወጣ። ሻጩ ከኋላው «ኧረ ልጨርስልህ!» ብሎ ነበር። የሚሰማ ማን አለ? ጆሮ ዳባ ልበስ።

ቤት ወስዶ ከአሮጌ ዕቃዎቹ ከነቀለው ትንሽ ስክሪን ጋር ሲሰካት ቀይ መብራት በራች፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ። «ይኸው!» አለ፤ ደስ ያለው ይመስል ነበር። ዕቃው ሳይሆን ጥርጣሬው ስለሠራለት ነዋ። ከዚያ ግን እልህ ያዘው። ለስመ ጥሩዋ የሚሆነው ፕሮግራም ለዚች አይሆንም። የራሷን ከሠሪዎቿ ገጽ አውርዶ ሚሞሪ ካርዱን እንደገና ጻፈ። የመመሪያውን ቋንቋ አያነብም፤ ሥዕሉን እያየ ሄደ። ሽቦ የሚሰካባቸው እግሮቿም የሚቆጠሩት ከሌላኛው ጫፍ ኖሮ ሦስቴ ነቅሎ ሦስቴ ሰካ። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ ፊደል መርገፍ ሲጀምር እንደ ሕፃን አጨበጨበ። ወዲያው ደግሞ ተጠራጠረ፤ ቤቴን ለማን ታወራ ይሆን ብሎ ከኢንተርኔት ቆረጣት።

ሴንሰሩን ጠረጴዛው ላይ ከቦርዷ ወዲያ ማዶ አጋድሞ፣ ከሰፈሩ መድኃኒት ቤት ባለሙያ የክፍል ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ተውሶ አስተያያቸው። ጠዋት ያው፣ ቀትር ላይ ያው፣ ማታም ያው። በረዶ አስጠጋላት፣ ወረደች። እስትንፋሱን እፍ አለባት፣ ወጣች። የሚይዝባት ነገር አጣ። ያቺ ስም የለሽ ቦርድ ከመድኃኒት ቤት ዕቃ እኩል እውነት ተናገረች።

ቀጥሎ የሠራውን ሥራ ግን እሱ ብቻ ነው የሚሠራው። አሮጊቷ ሽቦ ነካክተው እንዳያበላሹበት ብሎ ቦርዷንም ሴንሰሩንም አንድ ላይ በፕላስቲክ የምሳ ሣጥን ውስጥ ከተታቸው። ቁጥሯን የምታሳየው ትንሿ ስክሪን ብቻ በክዳኑ ቀዳዳ ብቅ ትላለች። በሌሎቹ ቀዳዳዎች ውሃ ቢጨምሩስ ብሎ ደፈናቸው። ከዚያ ከሥራ ቦርሳው የእርሳስ ብረት ማኅተም አወጣና፣ ልክ ውሃ ቆጣሪ እንደሚያሽግ በሽቦ አስሮ በመቆንጠጫ ጭምቅ አደረገው። አሁን ማንም ቢነካካው እጅ ከፍንጅ ይያዛል።

ሣጥኗን ክፍላቸው መደርደሪያ ላይ ሲያስቀምጥ አማቱ የሚለቅሙትን ምስር አቁመው አዩት።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«የክፍሉን ሙቀት የሚለካ ነው እማማ።»

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«እጅህ ይባረክ። እግዜር ይስጥልኝ!» ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እሱም በልቡ «ምን ያስለቅሳቸዋል? መያዛቸውን አውቀው ነው» አለ።

ማታ ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ ሄዶ አነበበ። ሃያ ሦስት ዲግሪ! ሚስቱን ጠራ። «ነይ እዪ! ፀሐይ የሚገባበት የኔ ክፍል እንኳ ሃያ አንድ ነው!»

ሚስቱ ቁጥሩን አየች፣ እናቷን አየች፣ የማሞቂያውንም ነገር ተወችው። እንግዲህ ፍረዱ። ፀሐይ የማያውቀው ክፍል ፀሐይ ከሚሞቀው ክፍል በለጠ ሲባል፣ ዳቦ በእጁ የሚመዝን ሰው እንዴት አይጠረጥርም? አልጠረጠረም። ሰው ሊሰማ የሚፈልገውን ሲነግሩት ማን ይጠረጥራል?

አማቱ ከአልጋቸው ተነሥተው ሣጥኗን ቀረብ ብለው ተመለከቱ። «እንግዲህ ክፍሉ ሞቃት ነው ማለት ነው?» አሉ።

«ሞቃት ነው እማማ።»

«እንዲያ ከሆነ... እሺ ልጄ።» ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያች ቀን ወዲህ «በረደኝ» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ሌላ ሰው ቢሆን ተገላገልኩ ይል ነበር። ቆጣሪው ግን ዝምታውን ይፈራው ጀመር። ጭቅጭቅ ያለበት ቤት ሰላም ነው፤ ዝም ያለ ቧንቧ ነው በስውር የሚያፈስ። እንዲህ እያለ አሮጊቷን በዓይኑ ይከተል ጀመር።

አንድ ቀን ሚስቱ ከሥራ ገብታ ሳትቀመጥ መዳፏን ዘረጋችለት። የእናቷ የወርቅ ጉትቻ ነበር።

«እማዬ ሰጠችኝ። ‹ውሰጂው፣ ለኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል› አለችኝ።»

«ጉቦ ነው» አለ ቆጣሪው።

«ምን አልክ?»

«አንቺን ወደ እሳቸው ለመሳብ ነዋ! ከዚያ ሁለት ሆናችሁ ክፍሌን...»

«አፍህን ዝጋ!» አለች ሚስቱ። ዕቃ ስታጥብ አመሸች፤ የሳህኑ ድምፅ ከወትሮው ከረር ያለ ነበር።

በሳምንቱ አማቱ ወፍራሙን ፎጣቸውን ለጎረቤት ሴት ሰጡ። ቆጣሪው ይህን ሲሰማ ነገሩ ገባው፤ «በሰው ፊት ሊያዋርዱኝ ነው። ዕቃቸውን አከፋፍለው ‹አማቼ አባረረኝ› ብለው ሊወጡ ነው» አለ። ቀጥሎ እህታቸውን ማየት እፈልጋለሁ አሉ። «ሽማግሌ ሊሰበስቡብኝ ነው!» አንድ ምሽት ደግሞ ክፍላቸው ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት። እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ እጃቸው የብረት ቧንቧ ያህል ይቀዘቅዝ ነበር። «ልጄን ደህና አድርገህ ያዝልኝ። ቁጡ ናት፣ ሆዷ ግን ንጹሕ ነው፣ ቂም አታውቅም» አሉት። እሱም «እሺ እማማ» ብሎ ወጣና ኮሪደሩ ላይ ቆሞ «ይቺ ደግሞ ምን ወጥመድ ናት?» አለ። የእጃቸው ቅዝቃዜ መዳፉ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ሱሪው ላይ አሸው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲሆን በቤቱ ውስጥ ያልተጠረጠረች አንዲት ነፍስ ብቻ ነበረች። እሷም የቤቱ ድመት ናት።

አንድ ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቆም አለ። የቆጣሪ ጉድጓዶቹ ሁሉ ውሃ ሞላባቸውና ሥራ ተቋረጠ፤ ቆጣሪውም በቀን ቤቱ ገባ። ሚስቱ ሥራ ላይ ናት። ቤቱ ጭር ብሏል። ሳይታሰብ መምጣት ማለት ለእሱ ሎተሪ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ በካልሲው ሹልክ እያለ ወደ ኋላው ክፍል ሄደ። መስኮት ከፍተው ተቀምጠው ሊያገኛቸው ነው! በሩን ቀስ አድርጎ ገፋው።

መስኮቱ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። አማቱ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ራሳቸውን በሻርፕ ጠምጥመው፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫቸው ስበው ተኝተዋል። ከአፋቸው የሚወጣው እስትንፋስ ይታያል። ይህን አየ፤ አሁንም ግን ወደ ሣጥኗ ነው የዞረው። ቁጥሯን አላያትም። ድመቷ ላይዋ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች፣ ጅራቷን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ እያንኮራፋች።

አልጋ እያለ፣ የሰው እግር ሥር እያለ፣ ስፋቷ አንድ ክንድ የማይሞላ የፕላስቲክ ሣጥን ላይ? ድመት ቁጥር አታነብም፤ ሙቀት የት እንዳለ ግን ከቆጣሪ አንባቢ ይልቅ ታውቃለች። ድመቷን አነሣና እጁን ክዳኑ ላይ አሳረፈ። በዚያ ብርድ መሀል ሣጥኗ ለብ ብላ፣ ሰው አሁን የተነሣበት አልጋ ትመስል ነበር። የሻጩ ድምፅ ጆሮው ላይ መጣበት። ይቺ ልጅ ትግላለች። ረዘም ያለ ሽቦ ትገዛና...

ቦርዷ እዚያ በታፈነው ሣጥን ውስጥ የገዛ ትኩሳቷን ነው ስትለካ የከረመችው። ያፈናት እሱ፣ ቀዳዳዋን የደፈነው እሱ፣ ያሸጋት እሱ።

«መጣህ ልጄ?» አሉ አማቱ፤ ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «ጥሩ ጊዜ መጣህ። ቀርቧል መሰለኝ።»

«ምኑ እማማ?»

«መሄዴ ነዋ። ብርዱ ከውስጤ ነው የሚመጣው። የልጄም አባት ሲሞት እንዲሁ ነበር፤ መጀመሪያ እግሩ ነው የቀዘቀዘው።» ሻርፑን ጠበቅ አደረጉ። «መጀመሪያ ክፍሉ መስሎኝ አስቸገርኩህ። ፋብሪካ ሳለሁ ክር ሲበጠስብን አለቆቹ ‹ማሽኑ ደህና ነው፣ እጅሽን እዪ› ይሉን ነበር። ማሽን አይሳሳትም፣ የሚሳሳተው ሰው ነው። መሣሪያህ ክፍሉ ሞቃት ነው ካለ፣ ብርዱ የኔ ነው። አላዝንም። ጊዜዬን ስላሳወቀኝ ደግ ነው፣ ጉትቻዬንም ፎጣዬንም በእጄ ለሰው ሰጠሁ።»

ጉትቻው፣ ፎጣው፣ እህታቸው፣ ያ የቀዘቀዘ እጅ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡበት። እዚህች ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ስንብቷን ስትጨርስ፣ እሱ ኮሪደር ላይ ቆሞ ወጥመድ ሲፈልግ ነበር። መቆንጠጫውን ከኪሱ አወጣና የእርሳሱን ማኅተም ቀጨው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ የማኅተም መሰበር ሲያሳድድ ኖሯል፤ በገዛ እጁ ሲሰብር ይህ የመጀመሪያው ነው። ክዳኑን ፈነቀለው፣ ለብ ያለ አየር ፊቱን ነካው። ሴንሰሩን ነቅሎ ከጓዳ ባመጣው ረዥም ሽቦ ቀጠለውና አልጋው ራስጌ ላይ አኖረው።

«እዩ እማማ። እባክዎ ቀና ይበሉ።»

አማቱ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። ቁጥሩ ወረደ። ሃያ። አሥራ ሰባት። ቆም አለ፤ እንደገና ወረደ። አሥራ ሁለት ላይ ረጋ።

«አሥራ ሁለት ምን ማለት ነው?»

«ብርድ ነው እማማ። አጥንት የሚሰብር ብርድ።»

«ብርዱ የክፍሉ ነው?»

«የክፍሉ ነው።»

«የኔ አይደለም?» አሉና ዓይን ዓይኑን አዩት። «ልታጽናናኝ ብለህ እንዳይሆን።»

«አይደለም፣ በልጅዎ እምልልዎታለሁ! ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አፍኛት ነው። እማማ፣ እኔ የሠራኋት እርስዎ ሲዋሹ ልይዝዎት ብዬ ነው።»

ዝናቡ ታንከሩ ላይ ይወርዳል። አማቱ ሣጥኗን አዩ፣ የተቆረጠውን እርሳስ አዩ፣ ከዚያ ብርድ ልብሳቸውን አዩ።

«እኔ ደግሞ» አሉ፣ «አሳስቤህ የሠራህልኝ መስሎኝ። ለጎረቤቷ ነግሬያት ነበር። ‹አማቼ እንዳይበርደኝ ብሎ በእጁ መሣሪያ ሠራልኝ› ብያት ነበር።»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ቢረግሙት ይሻለው ነበር። ግንባሩን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፍቶ አለቀሰ፣ ሳያፍር። አሮጊቷም ምን ያድርጉ፣ ያንን የቀዘቀዘ እጃቸውን አውጥተው ራሱን ደባበሱት። «በቃ፣ በቃ። ሰው ነህ» አሉት።

ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ቤቱ ተገለባብጧል። የእናቷ አልጋ በፀሐዩ ክፍል መስኮት ሥር ተዘርግቷል፣ ድመቷ መሀሉ ላይ ናት። ጠረጴዛው፣ መበየጃው፣ የብሎን ቆርቆሮው ሁሉ ኋላ ክፍል ተከምሯል። ባሏ ላብ በላብ ሆኖ መደርደሪያ ይገፋል።

«ምን አጥፍተህ ነው?» አለች በሩ ላይ ቆማ፤ የመጣባት ይህ ብቻ ነበር።

«እነግርሻለሁ። ቁጭ በይ፣ ሁሉንም እነግርሻለሁ።»

ከፀሐዩ ክፍል የእናቷ ድምፅ መጣ፣ ወፈር ብሎ። «ልጄ! ጉትቻዬን መልሺልኝ። አልሞትም፣ ክፍሉ ነው አሉ!»

ሚስቱ ከሁለቱ ማንን እንደምትሰማ ግራ ገባት። ዝናቡ አቁሞ፣ የመጨረሻዋ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የአሮጊቷ ጉልበት ላይ አርፋ ነበር። ቆጣሪው መዶሻውን አስቀምጦ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ሞቀዎት እማማ?»

«ሞቀኝ» አሉ።

እዚያ ክፍል የሚነበብ ቁጥር አልነበረም። ፊታቸውን ብቻ አይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።